የኮንፈረንሱ በር የሚከፈተው ለማን ነው?

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስፖርተኞቻቸውን የሚያወዳድሩት ኮንፈረንስ በሚባሉ ማኅበራት ታቅፈው ነው። ኮንፈረንሱ የውድድር መርሐ ግብር ያወጣል፣ ዳኛ ይመድባል፣ ዋንጫ ያዘጋጃል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የአባላቱን የቴሌቪዥን ስርጭት መብት በአንድነት ሸጦ ገንዘቡን ያከፋፍላል። ላለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ገደማ በዚህ ዓለም ውስጥ ከጦፉት ክርክሮች ሁሉ የማይበርደው «ቀጥሎ የሚጋበዘው ማን ነው?» የሚለው ነው። ደጋፊው ዋንጫ እየቆጠረ ይገምታል። የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶች በመግለጫቸው የትምህርት ጥራትን ያስቀድማሉ። የስፖርት ጋዜጠኛው የከተሞችን የሕዝብ ብዛት ያሰላል። ሦስቱም አልፎ አልፎ ይሳካላቸዋል፤ ግን አንዳቸውም ደጋግሞ አይሳካላቸውም። የተቋሙን የመቶ ሠላሳ ዓመት ጉዞ ለተከታተለ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ግብዣውን የሚወስነው የኮንፈረንሱ ገቢ በዚያ ወቅት የሚሰፈርበት መስፈሪያ ነው። መስፈሪያው ሲለወጥ ትናንት የተመለሰው ይገባል፤ ትናንት በክብር የሚገባ የነበረው ደግሞ ደጅ ይጠናል።

ኮንፈረንስ የተወለደው ለመሸጥ ሳይሆን ለመግታት ነበር። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1895 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ጄምስ ስማርት የመካከለኛው ምዕራብ አቻዎቻቸውን ቺካጎ፣ ፓልመር ሃውስ ሆቴል ጠሩ። ያስጨነቃቸው የአሜሪካው ፉትቦል መረን መውጣቱ ነበር፤ ክፍል ገብቶ የማያውቅ ጎረምሳ ማልያ ለብሶ የሚሰለፍበት ጊዜ ነው። ተሰብሳቢዎቹ መጫወት የሚችለው በደንብ የተመዘገበና ትምህርቱን በአግባቡ የያዘ ተማሪ ብቻ እንዲሆን ተስማሙ፤ በዓመቱም ሥራውን ለመምህራን ተወካዮች አስረከቡ። ዛሬ ቢግ ቴን የሚባለው ማኅበር አነሳሱ ይህ ነው፤ መሥራቾቹም ሰባት ነበሩ። በ1895ቱ ስብሰባ የተገኘው ትንሹ ሌክ ፎረስት በ1896 ቀርቶ በቦታው ሚሺጋን ገባ። ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚለው ጥያቄ እንግዲህ ከማኅበሩ ጋር እኩል ዕድሜ አለው። ነገር ግን በዚያ ዘመን መግባት ማለት በራስ ላይ ተቆጣጣሪ መሾም ነበር። በ1905 የተጫዋቾች ሞት ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትን ሳይቀር ጣልቃ ካስገባ በኋላ ቢግ ቴን ደንቡን አጠበቀ፤ የዘመኑ ኃያል ቡድን ሚሺጋንም አልቀበልም ብሎ በ1908 ወጣ። እስከ 1917 አልተመለሰም፤ ማኅበሩም ያለ እሱ መኖር አላቃተውም። የዛሬ ኮሚሽነር እንዲህ ያለ ስንብት ቢደርስበት በማግስቱ ወንበሩ ላይ መገኘቱ ያጠራጥራል።

ያኔ የአባላቱን ወሰን የሚያሰምረው ባቡር ነበር። ተማሪ ዓርብ ተሳፍሮ ሰኞ ክፍል መገኘት ካለበት ጎረቤት እንጂ ሩቅ ተጋጣሚ አይፈለግም። ቢግ ቴን በ1899 ኢንዲያናንና አዮዋን፣ በ1912 ኦሃዮ ስቴትን ካስገባ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ማንንም ሳይጨምር ኖረ። አንዳንዱ ጭራሽ የወጣው ስፖርቱ ከዓላማዬ ጋር አይሄድም ብሎ ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ጄይ በርዋንገር በኋላ ሃይዝማን የተባለውን ሽልማት በ1935 የመጀመሪያው ሆኖ ተሸልሞ ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላ በፕሬዚዳንት ሮበርት ሃቺንስ ዘመን ፉትቦል ተዘጋ፤ በ1946 ዩኒቨርሲቲው ከኮንፈረንሱ ለቀቀ። በደቡብ ደግሞ ብዛት ራሱ ችግር መሆኑ ቀድሞ ታየ። ሳውዘርን ኮንፈረንስ 23 አባላት ደርሶ በ1932 ተሰነጠቀ፤ 13ቱ ወጥተው ኤስኢሲ የሚባለውን የደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስ መሠረቱ፤ በ1953 ሌሎች ሰባት ወጥተው ኤሲሲን፣ ማለትም የአትላንቲክ ዳርቻውን ኮንፈረንስ አቋቋሙ። ከኤስኢሲ መሥራቾች አንዱ የነበረው ትንሹ ሴዋኒ ኮሌጅ በኮንፈረንሱ ውስጥ አንድም የፉትቦል ጨዋታ ሳያሸንፍ በ1940 ተሰናበተ። እንዲህ ያለ ኮሌጅ መሥራች መሆን መቻሉ ራሱ የዘመኑን መመዘኛ ይናገራል።

ይህን ሁሉ የለወጠው ቴሌቪዥን ነው፤ እሱም ቢሆን በአንድ ጊዜ አይደለም። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የኮሌጅ ፉትቦልን ለቴሌቪዥን የሚሸጠው ብሔራዊው የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ኤንሲኤኤ ብቻ ነበር። ሽያጩም በራሽን ነው፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት በነበረው ዕቅድ አንድ ቡድን በሁለት ዓመት ውስጥ ከስድስት ጊዜ በላይ በስክሪን መታየት አይችልም ነበር። ኦክላሆማና ጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ይህ የገበያ ሕግን ይጥሳል ብለው ከሰሱ፤ በ1984 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰባት ለሁለት ድምፅ ፈረደላቸው። የልዩነት ሐሳባቸውን የጻፉት ዳኛ ባይረን ዋይት በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ራሳቸው ስመ ጥር ተጫዋች የነበሩ ሰው መሆናቸው የታሪክ ፈገግታ ነው። ከፍርዱ በኋላ የሆነው ደግሞ አሸናፊዎቹ የጠበቁት አልነበረም፤ ገበያው በጨዋታ ተጥለቀለቀና ዋጋው ወደቀ። በ1990 ከኤንቢሲ ጋር ለብቻው ከተዋዋለው ኖተርዳም በቀር አንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን ቆሞ መሸጥ አላዋጣውም። ስለዚህ ሻጭ የሚሆን ስብስብ አስፈለገ፤ ለመግታት የተቋቋመው ኮንፈረንስም ለዚህ ሥራ ዝግጁ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ ወዲያ ኮንፈረንሱ የነጋዴ እቁብ ጠባይ ያዘ፤ ድሮ ለአዲስ ገቢ ዋሱ ማን እንደሆነ ይጠየቅ ነበር፣ አሁን የሚጠየቀው ስንት እንደሚጥል ነው። ገንዘቡ በእኩል የሚከፈል ከሆነ ከአማካዩ ያነሰ የሚያመጣ እንግዳ የነባሮቹን ድርሻ ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ የተደረገ ግብዣ ሁሉ በዚህች ቀላል ሒሳብ ውስጥ አልፏል።

የመጀመሪያው መስፈሪያ አንድ ተጨማሪ ጨዋታ ነበር። የኤስኢሲው ኮሚሽነር ሮይ ክሬመር በኤንሲኤኤ መጽሐፍ ውስጥ ለታችኛው ዲቪዚዮን የተጻፈች አንዲት ደንብ አገኙ፤ 12 አባላት ያሉት ኮንፈረንስ በሁለት ምድብ ተከፍሎ የፍጻሜ ጨዋታ ማካሄድ ይችላል ትላለች። ኤስኢሲ ዐሥር ነበር። አርካንሳስና ሳውዝ ካሮላይና ገቡና ቁጥሩ ሞላ፤ በዲሴምበር 1992 በርሚንግሃም ላይ አላባማ ፍሎሪዳን 28 ለ21 ሲያሸንፍ አዲስ ሸቀጥ ለገበያ ቀረበ። የተጎዳው የአርካንሳስ የቀድሞ ቤት ነው። ሳውዝዌስት ኮንፈረንስ ከአርካንሳስ ውጭ አባላቱ በሙሉ በአንድ ግዛት፣ በቴክሳስ፣ ያሉ ነበሩ፤ ከአንድ ግዛት በላይ የማይሸጥ ኮንፈረንስ ደግሞ ገዢ የለውም። በ1996 ሲፈርስ አራቱ (ቴክሳስ፣ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም፣ ቴክሳስ ቴክና ቤይለር) ከቢግ ኤይት ጋር ተዋህደው ቢግ ትዌልቭን መሠረቱ። ቲሲዩ፣ ራይስ፣ ኤስኤምዩና ሂዩስተን ተጣሉ። እነዚህን አራት ስሞች አንባቢ ይያዛቸው፤ ሦስቱ ተመልሰው ይመጣሉ።

ሁለተኛው መስፈሪያ የኬብል ደንበኛ ነው፤ የዘመኑ ፍርደ ገምድልነት በጣም የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ቢግ ቴን በ2007 የራሱን ጣቢያ ከፈተ። የኬብል ድርጅቶች በአባል ዩኒቨርሲቲ ግዛት ውስጥ ለሚኖር ደንበኛ የሚከፍሉት ከሌላው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነበር፤ ደንበኛው ጨዋታውን ቢያይም ባያይም። ይህን የተረዳ ሰው የ2012ቱን ግብዣ አይደነቅበትም። ረትገርስ በ1869 ከፕሪንስተን ጋር የመጀመሪያውን የኮሌጅ ፉትቦል ጨዋታ ከማድረጉ በቀር በዚህ ስፖርት የሚነገርለት ብዙ አልነበረም፤ ግን ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ ከኒው ዮርክ አፍንጫ ሥር ተቀምጧል። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ከኤሲሲ መሥራቾች አንዱ ነበር፤ በዚያው ዓመት በገንዘብ እጥረት ሰባት የስፖርት ቡድኖቹን ዘግቷል። ካምፓሱ ያለበት ኮሌጅ ፓርክ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያ አካባቢ ኬብል ያስገባ ሐበሻ ሁሉ ፉትቦል በምን ሕግ እንደሚጫወቱት ባያውቅም ለግብዣው ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነበር ማለት ነው። ሁለቱም በ2014 ቢግ ቴን ገቡ፤ የተጋበዙት ለቡድኖቻቸው ሳይሆን ለጎረቤቶቻቸው ነው።

ይህ ማጋነን ነው የሚል ካለ የ2016ቱን የቢግ ትዌልቭ ጉዳይ ይመልከት። አባላት አጥቶ ወደ ዐሥር የወረደው ኮንፈረንስ እሰፋለሁ ብሎ በይፋ አወጀ፤ ዩኒቨርሲቲዎች ሰነድ አዘጋጅተው፣ ልዑክ ልከው፣ እንደ ሥራ ፈላጊ ለቃለ መጠይቅ ቀረቡ። ዐሥራ አንድ ነበሩ፤ ሂዩስተን፣ ሲንሲናቲ፣ ቢዋይዩ፣ ሴንትራል ፍሎሪዳ፣ ኮኔቲከት፣ ሳውዝ ፍሎሪዳ፣ ቱሌን፣ ራይስ፣ ኤስኤምዩ፣ ኮሎራዶ ስቴትና ኤር ፎርስ። በቴሌቪዥን ውሉ ውስጥ ለሚገባ አዲስ አባል ጣቢያዎቹ እኩል ድርሻ እንዲጨምሩ የሚያስገድድ አንቀጽ ነበረ፤ ጣቢያዎቹም ለእነዚህ ስሞች ያን ያህል መክፈል አልፈለጉም። በኦክቶበር 2016 ኮንፈረንሱ ማንንም አልወስድም ብሎ በሩን ዘጋ። አምስት ዓመት ሳይሞላ ቴክሳስና ኦክላሆማ ወደ ኤስኢሲ እንሄዳለን አሉ፤ ያኔ የተመለሱት ሂዩስተን፣ ሲንሲናቲ፣ ቢዋይዩና ሴንትራል ፍሎሪዳ በአንድ ቀን ተጠሩ። ካምፓሳቸው ያው፣ ከተማቸው ያው ነበር። የተለወጠው የጠሪው ሒሳብ ነው፤ ሁለቱ ትልልቆች ሲወጡ የሚቀረው አማካይ ድርሻ ወርዶ አራቱ የሚመጥኑት ሆነ።

ሦስተኛው መስፈሪያ አሁን ያለንበት ነው። ሰዎች ኬብል እየቆረጡ ሲመጡ በአንድ ከተማ መኖር ብቻውን ገንዘብ አያመጣም፤ ቅዳሜ ከሰዓት ስንት ሚሊዮን ሰው ጨዋታውን ከፍቶ እንደሚያይ ይቆጠራል። በጁን 2022 የሎስ አንጀለሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ ወደ ቢግ ቴን መሄዳቸውን አስታወቁ፤ ያ ኮንፈረንስ በዚያው ክረምት ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር ለሰባት ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ውል ፈረመ። በምዕራብ ዳርቻ ከ1915 ጀምሮ በተለያየ ስም የኖረው ፓክ ትዌልቭ በቀጣዩ ዓመት ለአባላቱ ያቀረበው በአፕል የኢንተርኔት ስርጭት ላይ የተመሠረተ ውል ብቻ ነበር፤ ኦገስት 4፣ 2023 ኦሪገንና ዋሽንግተን በግማሽ ያህል ድርሻ ወደ ቢግ ቴን ሄዱ፣ አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታ ደግሞ ቀድሞ የሄደውን ኮሎራዶን ተከትለው ቢግ ትዌልቭ ገቡ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የቀሩት ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት ብቻ ሆኑ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማነጻጸር ያስፈልጋል። ኦሪገን ያለው ዩጂን በምትባል መካከለኛ ከተማ ነው። አብረውት የፓክ ትዌልቭ አባላት የነበሩት ስታንፈርድና በርክሊ ያሉት በሳን ፍራንሲስኮ ዙሪያ፣ ከአገሪቱ ባለጸጋ ገበያዎች በአንዱ ነው፤ በትምህርት ስማቸው የዓለም ነው፤ ስታንፈርድ ደግሞ በሁሉም ስፖርቶች ድምር ውጤት የሚሰጠውን ዋንጫ እስከ 2019 ለ25 ተከታታይ ዓመታት ወስዷል። በኬብል ዘመን ቢሆን ሁለቱ ኦሪገንን ጥለው ያልፉ ነበር። በ2023 ግን ኦሪገን ተጠራ፣ እነሱ ቀሩ። ከተማውም፣ ትምህርቱም፣ የዋንጫው ብዛትም ከነበረበት ሳይነቃነቅ ውጤቱ ከተገለበጠ፣ የተለወጠው መስፈሪያው ብቻ ነው።

ስታንፈርድና በርክሊ በመጨረሻ ኤሲሲ ገቡ፤ አገባባቸው ግን ክርክሩን ያጠናክራል እንጂ አያፈርስም። የኤሲሲ ውል ኢኤስፒኤን ለአዲስ አባል ሙሉ ድርሻ እንዲጨምር ያስገድድ ነበር። ሁለቱ ከዚያ ድርሻ ለዓመታት 30 በመቶ ያህሉን ብቻ ለመውሰድ ተስማሙ፤ አብሯቸው የገባው ኤስኤምዩ ለዘጠኝ ዓመት አንዳችም የቴሌቪዥን ገንዘብ ላለመቀበል ፈረመ። ትርፉ ለነባሮቹ ይከፋፈላል። ከሰላሳ ዓመት ገደማ በፊት ሳውዝዌስት ሲፈርስ የተጣለው ኤስኤምዩ መግቢያውን እንዲህ ገዛው።

ለዚህ ንባብ ከሚቀርቡት ተቃውሞዎች ጠንካራው የትምህርት ደረጃ ነው። ቢግ ቴን የሚወስዳቸው ከሞላ ጎደል ሁሉ ኤኤዩ የሚባለው የታላላቅ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር አባላት ናቸው፤ ዩኤስሲ፣ ዩሲኤልኤ፣ ኦሪገንና ዋሽንግተንም እንዲሁ። እውነት ነው፤ ፕሬዚዳንቶቹ ይህን ከልባቸው ይፈልጉታል። ግን ደረጃው የሚያጣራ ወንፊት ነው እንጂ መራጭ አይደለም። ኖተርዳም ኤኤዩ የገባው በ2023 ነው፤ ቢግ ቴን ግን በ1999 ሊያስገባው ተደራድሮ ነበር፣ እምቢ ያለው ኖተርዳም ነው። ኔብራስካም በ2011 ቢግ ቴን ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ከኤኤዩ ሲወጣ ግብዣው አልተነሣበትም። ብዙ ተመልካች የሚያመጣ ሲሆን ወንፊቱ ይሰፋል። ሁለተኛው ተቃውሞ ፖለቲካ ነው። በ2003 ኤሲሲ ማያሚን፣ ቦስተን ኮሌጅንና ሲራክዩስን ሊወስድ ሲል የቨርጂኒያ ገዢ ማርክ ዋርነር የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲን ወሳኝ ድምፅ መጠቀሚያ አድርገው ቨርጂኒያ ቴክን አስገቡ፤ ሲራክዩስ ቀረ። ይህ የሆነው ግን በዋጋ በሚቀራረቡ ሁለት ቡድኖች መካከል ነው። በ2023 ኦሪገን ስቴትንና ዋሽንግተን ስቴትን የግዛት ዩኒቨርሲቲ መሆናቸው አላዳናቸውም፤ የካሊፎርኒያ ባለሥልጣናትም ዩሲኤልኤን ማስቀረት አልቻሉም። የቻሉት ዩሲኤልኤ ለእህቱ ለበርክሊ በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል በ2024 መወሰን ነው፤ ይህም ቢሆን በገንዘብ ቋንቋ የተሰጠ ፍርድ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ሌላ ምርጫ የለም የሚለው ነው፤ ገንዘቡ ሌሎቹን ስፖርቶች ያስተዳድራል፣ ከ2025 ወዲህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ፣ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር፣ መክፈል ተፈቅዶላቸዋል ይላሉ። ሜሪላንድን ያየ ሰው ይህን ማጣጣል አይችልም። ነገር ግን ወጪው ግዴታ የሆነው መጀመሪያ ተወዳዳሪ ሁሉ ሊያወጣ ስለመረጠ ነው፤ የጉዞውንም ሸክም የሚሸከሙት ከሎስ አንጀለስ እስከ ኒው ጀርሲ የሚበሩ፣ ይህ ነው የሚባል የስርጭት ገቢ የማያመጡ የመረብ ኳስና የሶፍትቦል ተጫዋቾች ናቸው። አማራጭ እንዳለ ደግሞ አይቪ ሊግ ያሳያል፤ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ስምንት ሆኖ፣ ለስፖርት ብሎ ነጻ ትምህርት ሳይሰጥ፣ ማንንም ሳይጋብዝ ኖሯል። ሀብታሞች ስለሆኑ ነው ቢባል ልክ ነው፤ ግን ስታንፈርድም ድሃ አይደለም።

ቀጥሎስ? የኤሲሲ አባላት ፍሎሪዳ ስቴትና ክሌምሰን ኮንፈረንሱን ከሰው በማርች 2025 ታረቁ፤ በዕርቁ መሠረት የመውጫ ክፍያው በየዓመቱ እየቀነሰ በ2030-31 ወደ 75 ሚሊዮን ዶላር ይወርዳል፤ ከገቢውም አንዱ ክፍል በእኩል መካፈሉ ቀርቶ በተመልካች ብዛት ይደለደላል። የቢግ ቴን ውልም በዚያው አካባቢ ያልቃል። በአሁኑ መስፈሪያ ኖተርዳም መቼም ቢሆን የመጀመሪያው ነው፤ ፍሎሪዳ ስቴትና ክሌምሰን ይከተላሉ። ብዙ ገማቾች የሚያስቀድሙት ኖርዝ ካሮላይና፣ በእኔ ግምት፣ ከከተማና ከትምህርት መስፈሪያ የተረፈ ዕጩ ነው፤ በፉትቦል ተመልካች ከነዚያ ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን በተመልካች መደልደል አንዴ ከተጀመረ ጥያቄው ወደ ውስጥ ይዞራል፤ የቢግ ቴን ኖርዝዌስተርንና የኤስኢሲ ቫንደርቢልት ዛሬ ለአዲስ አባልነት ቢያመለክቱ አይጠሩም ነበር። አባልን ማባረር ያልተለመደ ቢሆንም ተሞክሯል፤ ቢግ ኢስት በ2001 ቴምፕልን ከፉትቦል ለማስወጣት ድምፅ ሰጥቷል። ደግሞም መባረር የግድ አይደለም። በ1996 ወደ 16 አባላት የሰፋው የምዕራቡ ኮንፈረንስ ደብሊውኤሲ ሁለት ዓመት ሲሆነው ስምንቱ በድብቅ ተማክረው ማውንቴን ዌስት የሚባል የራሳቸውን አቋቁመው ሄዱ፤ ሌሎቹን ማንም አላባረራቸውም፣ አልተጠሩም እንጂ። ቢግ ቴን አሁን 18፣ ኤስኢሲ 16 አባላት አሏቸው፤ ውሎቻቸው ሲያልቁ ከሁለቱም ውስጥ ሃያ የማይሞሉ ባለ ብዙ ተመልካች ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ክፍል ውስጥ ቢቀመጡ የሚያግዳቸው የተጻፈ ነገር ብዙ አይሆንም።